ብርድ የቆረቆራት፣ ቆርቆሮ የከደናት

ወሩ ኅዳር ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለፈተና ተነሥቼ ሳነብ ደብተሬ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ጠብ አለች። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ኮርኒስ የለውም፤ ራቁቱን የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛ ጠብታ ወረደች። ሦስተኛዋ አንገቴ ላይ አረፈች። ወጥቼ ሰማዩን ባየው ደመና የሚባል ነገር የለም፣ ከዋክብቱ ፈክተዋል። ሲነጋ ለአከራዬ «እማማ፣ ጣሪያው ያፈሳል» ብላቸው ሳቁብኝ። «አያፈስም ልጄ፣ አልቦት ነው» አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ተመልሼ በሩን ስከፍት ወላፈን ተቀበለኝ። ሌሊት ያላበው ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ግሏል። በጧት በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ የተንቀጠቀጥኩበት ክፍል ከሰዓት በኋላ በሸሚዝም አላስቀምጥ አለኝ። ውጪው እኮ እንዲህ አይበርድም፤ እንዲህም አይሞቅም! ታዲያ ይህን ብርድና ይህን ሙቀት ማን ሠራው?

የአየር ጠባይ እግዜር የሰጠን ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የቀረውን ግማሽ ሰው ነው የሠራው፤ በግድግዳው፣ በጣሪያው፣ በመንገዱ፣ በቆረጠውና በተከለው ዛፍ። ሰው የሠራው ነገር ደግሞ ታሪክ አለው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግማሽ ነው። (የራሳችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. ጽፌዋለሁ።)

ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ

ታሪኩን ከእንጦጦ እንጀምረው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሠራዊታቸውን ይዘው እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ቦታው ዙሪያውን አሻግሮ ያሳያል፣ ለጠላትም አይመችም። ለጦር ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ችግሩ ጋራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ መሆኑ ነው። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ማገዶው ደግሞ የሰፈረው ሰው በበዛ ቁጥር እየራቀ ይሄዳል።

ከጋራው ሥር፣ የአካባቢው ኦሮሞ ፊንፊኔ በሚለው ሜዳ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነበር። ፍልውሃ ከፍታው 2350 ሜትር ገደማ ነው። አየር ወደ ላይ በወጣን በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከእንጦጦ እስከ ፍልውሃ ቁልቁል የወረደ ሰው ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ያገኛል ማለት ነው። አምስት ዲግሪ ምን አላት የሚል ካለ በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ጋቢ ይሞክራት!

እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ እንደነበር፣ ቦታውንም ወደው ቤት እንዲሠራላቸው እንደጠየቁ፣ ስሙንም አዲስ አበባ እንዳሉት ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ዘመኑ 1879 ዓ.ም. ነው። ታሪኩን ስንማር ግን አበባዋን ይዘን ብርዱን እንተወዋለን። እኔ ግን እላለሁ፣ አዲስ አበባን የቆረቆራት ብርድ ነው። ሰዎች ከሚበርድ ቦታ ወደሚሞቅ ቦታ፣ ማገዶ ካለቀበት ማገዶ ወዳለበት ወረዱ። የዛሬ መሐንዲሶች በትልልቅ ቃላት «የሙቀት ምቾት» እና «የሕንጻ የኃይል ፍጆታ» የሚሉት ጉዳይ በዚያን ጊዜ ዋና ከተማን ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅስ ነበር።

በጀርባ የተሸከምነው ሙቀት

ይህ ለኢትዮጵያ ነገሥታት አዲስ ነገር አልነበረም። ለብዙ ዘመናት የንጉሡ ከተማ ማለት የንጉሡ ድንኳን ያለበት ቦታ ነበር። ሠራዊቱ በዙሪያው ያለውን ደን ቆርጦ፣ አንድዶና ጎጆ ሠርቶበት ሲጨርስ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ አገር ይኬዳል። አዲስ አበባም ዕጣዋ ያው ሊሆን ምንም አልቀራትም ነበር። ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ዙሪያዋ ተራቆተ፣ ማገዶም ከሩቅ ይመጣላት ጀመር። አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደን ባለበት ቦታ አዲስ ዓለም የሚባል ከተማ ማሠራት የጀመሩት ለዚህ ነው። ቤተ መንግሥት እንዲሆን የታሰበው ሕንጻ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬም የማርያም ነው።

መዛወሩ ለምን ቀረ? አንዱ ምክንያት መኳንንቱም የውጭ አገር ወኪሎችም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት መሥራታቸው ነበር። ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ከአውስትራልያ ዘር የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። አጼ ምኒልክም ሰዉ እንዲተክለው አበረታቱ። ዛፉ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እየተባለ ይታማል፣ ሐሜቱም መሠረት የለውም አይባልም። ቢሆንም ከተማዋን እንደ ችካል ቸክሎ ያስቀራት እርሱ ነው። ማገዶው እርሱ፣ የቤቱ ቋሚና ማገር እርሱ፣ ነፋስ መከላከያውም እርሱ ሆነ።

እዚህ ላይ ግን መርሳት የሌለብን ሰው አለ። ባሕር ዛፉ ከእንጦጦ ራሱ እየተራመደ አልወረደም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ጭራሮውንና ቅጠሉን ከቁመታቸው በላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ያንን ቁልቁለት የወረዱት ሴቶች ናቸው። የአንድ ቤት የኃይል ፍጆታ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬ የሚታየን የመብራት ቆጣሪ ነው። ያኔ ቆጣሪው የሴት ጀርባ ነበር። ቤቱ ሙቀቱን መያዝ ሳይችል ቀርቶ በየስንጥቁ ባፈሰሰው መጠን አንዲት ሴት አንድ ሸክም ጨምራ ተሸክማለች። እንግዲህ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ የምናወራው ለዚህ ነው።

ከተማ የራሱን አየር ይሠራል

አሁን ጥቂት ርቀን ሎንዶን እንድረስ፤ የአንድ ከተማ አየር ከገጠሩ አየር የተለየ መሆኑን በመለኪያ ያሳየ ሰው እዚያ ነበርና። ሉክ ሐዋርድ ይባላል። ሙያው መድኃኒት መቀመም ሲሆን ለደመናዎች ዛሬም ድረስ የምንጠቀምባቸውን የላቲን ስሞች ያወጣው እርሱ ነው። ስለ ሎንዶን አየር ጠባይ የጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ በ1818 እና በ1820 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ወጣ፤ በ1833 ደግሞ ተስፋፍቶ ታተመ። ሐዋርድ በየቀኑ የከተማውንና የገጠሩን ሙቀት ለዓመታት እያስተያየ መዝግቦ አንድ ነገር አገኘ፦ ሎንዶን ሌሊት ሌሊት ከገጠሩ በአማካይ 3.7 ዲግሪ ፋሬንሃይት፣ ማለትም ሁለት ሴንቲግሬድ ያህል ትሞቃለች። ቀን ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ እንዲያውም ከተማው በጥቂቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

ለምን ሌሊት? መልሱ ቀስ በቀስ ነው የተገኘው። ድንጋይ፣ ጡብና አስፋልት የቀኑን ፀሐይ ጠጥተው ያከማቹና ሌሊት ይተፉታል። ገጠር ውስጥ መሬቱ ወደ ገላጣው ሰማይ ሙቀቱን ለቅቆ ቶሎ ይበርዳል። ከተማ ውስጥ ግን ከግድግዳ የወጣው ሙቀት ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሕንጻው ረጅም በሆነ መጠን የሚታየው ሰማይ ያንሳል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ቅጠልና እርጥብ አፈር ውሃ እያተነኑ አየሩን ያበርዱ ነበር፤ በአስፋልት ከተሸፈኑ ማን ያበርደው? በዚህ ላይ የምድጃው፣ የፋብሪካው፣ የመኪናው ሙቀት ይጨመራል። ከሐዋርድ በኋላ የመጡት ምሁራን ይህን ነገር «የከተማ የሙቀት ደሴት» አሉት፤ በገጠሩ ብርድ መካከል ከተማው እንደ ደሴት ሞቆ ስለሚታይ ነው።

የእኛን ከተማ በዚህ ዓይን መልሰን እንያት። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ እየያዙ ግቢያቸውን ሠሩ፤ ወታደሩና አሽከሩ በግቢው ዙሪያ ቁልቁለቱን ይዞ እስከ ወንዙ ድረስ ሰፈረ። የራስ እገሌ ሰፈር፣ የፊታውራሪ እገሌ ሰፈር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ኮረብታው የተመረጠው ለክብርና ለጥበቃ ነው። ነገር ግን የበረደ አየር ከባድ ስለሆነ፣ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች እየፈሰሰ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወንዝ ዳር ያለው ጎጆ ከኮረብታው ወገብ ይልቅ ይበርደዋል። ጌታው ሳያስበው ሞቅ ያለውን አየር ወሰደ፤ አሽከሩም ሳያስበው ቁሩን ተቀበለ። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት፣ ሁለት የአየር ጠባይ ማለት ይኸው ነው። ማዕረግ ቴርሞሜትር ላይም ይነበባል!

ጭቃና ቆርቆሮ

ወደ ጣሪያዬ ልመለስ። ድሮ ቤቱ ጎጆ ነበር። ግድግዳው እንጨት ሆኖ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ክዳኑ ወፍራም ሣር ነው። ሣር በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ የቀኑን ፀሐይ አያስገባም፣ የሌሊቱንም ሙቀት አይለቅም። በእርግጥ ጎጆ ገነት አልነበረም። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ እሳት ከተነሣ ሰፈር ይበላል፣ ሣሩም በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ክብር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን እየረከሰ ተራው ሰው እጅ ገባ። ቆርቆሮ አይቃጠልም፣ ከሣር ይበልጥ ይቆያል፣ ለመሥራት ቀላል ነው። ሰዉ ቢወደው ምን ይገርማል? ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ስስ ነው። ሙቀትን የሚያቆይበት ሆድ የለውም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ አናት ትቀርባለች፤ ከየትኛውም ግድግዳ ይበልጥ ፀሐይ የሚመታው ጣሪያው ነው። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ያንን ግለት ቁልቁል እኛ ላይ ይረጨዋል። ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ከራሱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የእኔ ትንፋሽ እርጥበት ሽቅብ ወጥቶ ያንን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። እማማ «አልቦት ነው» ያሉት የገዛ ትንፋሼ ኖሯል!

ጥፋቱን ጭቃው ላይ የሚለጥፍ ሰው ብዙ ነው። «የጭቃ ቤት» ማለት ስድብ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና የቤት ቆጠራ ሲደረግ ግን የአብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነበር፤ ብዙዎቻችንን ያሳደገን እርሱ ነው። ሐሰን ፋቲ የተባለው ግብጻዊ የሕንጻ ባለሙያ በ1964 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ አንድ ክፍል በወፍራም የጭቃ ጡብ፣ ሌላውን ክፍል በስስ የኮንክሪት ሰሌዳ አሠርቶ ሙቀታቸው እንዲለካ አድርጓል። የጭቃው ክፍል ሙቀት ቀንና ሌሊት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍና ዝቅ ያለው። የኮንክሪቱ ክፍል ግን ቀን ከውጪው አየር እጅግ ይበልጥ ጋለ፤ እስከ 36 ዲግሪ ደረሰ። እንግዲህ የድሃው ግድግዳ ከዘመናዊው ግድግዳ የተሻለበት ቦታ አለ ማለት ነው። የእኛ ግድግዳ እንደ ፋቲ ጡብ ወፍራም አይደለም፤ ቢሆንም ቤታችንን ይበልጥ የሚያሠቃየው ከግድግዳው ላይ የተጫነው ያለ ኮርኒስ የተተወ ቆርቆሮ ነው።

ከጣሪያ ሥር ያሉ ሰዎች

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስለ ላብና ስለ ጠብታ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በነሐሴ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ኤውሮጳ ላይ ከባድ ሙቀት ወረደ። በፈረንሳይ አገር ብቻ በዚያ ወር ከወትሮው በላይ 15,000 ያህል ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ፓሪስ ውስጥ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች ያልወረደባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሰውነት ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ካላራገፈ ይደክማል፣ ልብም ይደክማል። ነገሩ ከተጣራ በኋላ ለአደጋ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል መኖር እንደሆነ ታወቀ። የፓሪስ ጣሪያ አብዛኛው ስስ የዚንክ ብረት ነው። ከሥሩ ያሉት ጠባብ ክፍሎች ድሮ የቤት ሠራተኞች ያድሩባቸው ነበር፤ በኋላ ኪራይ የማይችል ሽማግሌና እንደኛ ያለ ተማሪ ገባባቸው። ሀብታም አገር ውስጥ እንኳ ጣሪያው የሚወርደው ድሃው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ፓሪስ አይደለችም፤ ከፍታዋ ይጠብቃታል። ግን ምቾት የአየሩ ሙቀት ብቻ አለመሆኑን እናስተውል። ዴንማርካዊው ፋንገር በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስድስት ነገሮች ይቆጥራል፦ የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያችን ካለው ግድግዳና ጣሪያ የሚረጨው ሙቀት፣ ነፋሱ፣ እርጥበቱ፣ የለበስነው ልብስና የምንሠራው ሥራ። ከስድስቱ ውስጥ ድሃ እንደልቡ ሊያዝበት የሚችለው ልብሱን ብቻ ነው። አባቶቻችን ጋቢን የፈለሰፉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቤቱን ማሞቅ ባይችሉ ሰውን አሞቁ። ጋቢ ግን ከብርድ እንጂ ከጋለ ቆርቆሮ አያድንም።

ብርድ አገር ውስጥ ማቀዝቀዣ

አሁን የምንኖርበትን ጊዜ እንይ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካሳንቺስ ውስጥ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ከፈረሰው ውስጥ ለመኖሪያ የማይበቃ ቤት ብዙ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከቤቱ ጋር ግን የግቢው ዛፍ፣ እርጥቡ አፈር፣ ጠባቡ ጥላ ያለው መንገድም አብሮ ይሄዳል። በምትኩ ምን ይቆማል? በየአደባባዩ እንደምናየው መስታወት ለብሶ የቆመ ሕንጻ። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሲሆን ግን በቀላሉ አያስወጣውም። በተለይ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት የጧቱንና የማታውን ዝቅ ያለ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይተከላል። ማቀዝቀዣው ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከቢሮው አውጥቶ መንገድ ላይ ይደፋዋል። መንገደኛውም የቢሮውን ሙቀት ይካፈላል።

ነገሩ አያስቅም? ከብርድ ሸሽተን በቆረቆርናት ከተማ፣ ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድ ከተማ፣ ለማቀዝቀዣ መብራት እናቃጥላለን! መብራታችን ከሞላ ጎደል ከወንዝ ግድብ የሚመጣ ነው። የግልገል ጊቤንና የዓባይን ውሃ አዙረን ያመነጨነውን ኃይል፣ መስኮቱን በዞረ አቅጣጫ በማድረጋችን ብቻ እናባክነዋለን። መስኮቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ በላዩም አንድ ክንድ የማትሞላ ከፈፍ ብትወጣለት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አብዛኛው ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያሻውም።

ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የላይኛው ፎቅ ዕጣ የወጣለት ሰው እይታው ያምራል እየተባለ ይቀናበታል፤ ስስ ብሎኬትና ቆርቆሮ መካከል የገባው ግን እርሱ ነው። ከፎቅ ብንወጣም ከቆርቆሮው አልወጣንም።

መፍትሔው እጅግ ረቂቅ አይደለም። ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ፀሐይ የሚመልስ ነጭ ቀለም፣ የመስኮት አቅጣጫ፣ በመንገዱ ዳር ዛፍ። ድሬዳዋን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ የባቡሩ ሰዎች ከዚራን ሲሠሩ በመንገዶቹ ዳርና ዳር ዛፍ ተከሉ። በዚያ ቆላ ፀሐይ ቀትር ላይ በከዚራ ጥላ ሥር የሄደ ሰው ለዛፍ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። የሚከብደው ማወቁ ሳይሆን ጥያቄውን በጊዜው መጠየቁ ነው፤ ሕንጻው ከቆመ በኋላ የዞረውን መስኮት ማን ይመልሰዋል?

ጥያቄውንም የምንጠይቀው እኛ ነን። ከመካከላችን የሕንጻ ትምህርት የሚማር አለ፤ ነገ ፕላን የሚያነሣው እርሱ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ አለ፤ የቤቱን ዋጋ ሲያሰላ የሃምሳ ዓመቱን የመብራት ሒሳብ አብሮ ያስላ። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ከተማ በአዋጅና በጦርነት ብቻ ሳይሆን በብርድና በማገዶም እንደሚሠራ እንጻፍ። ለመጀመሪያ ያህል አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ ሦስት ርካሽ ቴርሞሜትር እንግዛ። አንዱን እንጦጦ፣ አንዱን መርካቶ፣ አንዱን ከቀበና ወንዝ ዳር እንስቀል። ሐዋርድ ሎንዶንን የመረመረው በቴርሞሜትር፣ በደብተርና በትዕግሥት ነው። ደብተሩ አለን።

የእኔ ደብተር እንኳ አሁንም እርጥብ ነው። በዚያች ሌሊት ጠብታዋ ያረፈችበት ገጽ ላይ ቀለሙ ፈስሶ አንድ ክብ ምልክት ቀርቷል። አከራዬ ያዩና «ኮርኒስ ላሠራ ብዬ ገንዘቡ እየሸሸኝ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የእርሳቸው ክፍልም ከዚያው ቆርቆሮ ሥር ናት፤ ዕድሜያቸውም ከሰባ አልፏል።